ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ ስንት ነው?

ባለፈው ክረምት ታላቅ እኅቴ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትሄድ ሁለት ቀን ፈጀባት። ታክማ ስትመለስ ግን ዘመዶች ገንዘብ አዋጥተው በአይሮፕላን ስለ ላኳት፤ ጉዞዋ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ብቻ በለጠ። ይኸን ያየች እናታችን፤ «አገሩ ተጠጋ ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ጂኦግራፊና ሒሳብ ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ቀጥታውን ርቀት እንፈልግ። ጋምቤላ በሰሜን ኬክሮስ 8 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ፤ በምሥራቅ ኬንትሮስ 34 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ደግሞ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ፤ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ናት። (ይህ ደቂቃ የሰዓት ሳይሆን የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ነው።) እንግዲህ የኬክሮሱ ልዩነት 47 ደቂቃ፤ የኬንትሮሱ 4 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፤ የመጀመሪያው ልዩነት 87 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኬንትሮስ መሥመሮች ከምድር ወገብ ሲርቁ እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ፤ በእኛ በኩል አንዱ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው 458 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በፓይታጎራስ ሕግ መሠረት የሁለቱን ካሬ ደምረን ስኩዌር ሩቱን ብናወጣ 466 ኪሎ ሜትር እናገኛለን።

በምድር ሲኬድ ግን በጐሬ፤ በመቱ፤ በበደሌና በጅማ የሚያልፈው መንገድ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። መኪና ዳገቱን ቀጥ ብሎ መውጣት ስለማይችል እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ የጊቤንም ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። የእኅቴ አውቶቡስ የተጓዘበት ሰዓት በሁለቱ ቀን ተደምሮ 16 ያህል ነበር። 750 ለ16 ሲካፈል በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል።

ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ቢበር፤ 466ቱን ኪሎ ሜትር በ47 ደቂቃ በጨረሰ ነበር። ታዲያ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስደው ስለ ምን ነው? አይሮፕላኑ ሲነሣና ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፤ በማኮብኮቢያውም ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ለማረፍ ደግሞ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ስለዚህ ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል የሚሰጠን ከሁሉ ያነሰውን ጊዜ ነው።

ቀድሞ ደግሞ የጋምቤላ ዋና መንገድ ውሃ ነበር። በ1894 ዓ. ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፤ ወንዙ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመላለሱ፤ ቡናም ይጭኑ ነበር። በበጋ ውሃው ሲጐድል ግን መርከቡ ይቀራል። ርቀቱ ያው ሆኖ መንገዱ ይጠፋ ነበር ማለት ነው።

ይኸን ሁሉ በወረቀት ላይ ሥዬ፤ «አገሩ አልተጠጋም፤ እማዬ፤ የተለወጠው መንገዱና ፍጥነቱ ነው» አልኳት። እርስዋም ጥቂት አስባ፤ «እንግዲያው በአይሮፕላን መሄድ የነበረባት ታማ ስትሄድ ነው፤ ስትመለስማ ድናለች» አለች።

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ቀመር በመጽሐፌ ውስጥ አላገኘሁም። ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ነገ ከእኛ መካከል መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስና እዚሁ ጋምቤላ የሚያክም ሐኪም ሲወጣ፤ መልሱ ያን ጊዜ ይገኛል።