ጉድጓድ የሌለው ማዕድን ማውጫ

በናዝሬት አካባቢ ለብሎኬት የሚሆን ፑሚስ ሲቆፈር ጉዳቱን ሁላችንም እናያለን። ኮረብታው ይቆረጣል፣ አቧራው ይነሣል፣ ጉድጓዱም ይቀራል። ታዲያ ቁፋሮ የሌለበት አሠራር ጉዳት የለውም ማለት ነውን?

ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ ስንጓዝ በስተ ቀኝ ያለውን የአብጃታ ሐይቅ እንመልከት። በ1980ዎቹ ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚውል ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ በዳርቻው ተተከለ። አሠራሩ የሐይቁን ውሃ በፓምፕ ስቦ በሰፋፊ ገንዳዎች ማስጣት ነው፤ ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ሶዳው ይቀራል። ስለዚህ መሬቱ ባይቆፈርም ውሃው ይጎድላል።

አብጃታ በቡልቡላና በሆራ ቀሎ ወንዞች ይሞላል እንጂ መውጫ የለውም። ወደ እርሱ ከሚወርደው ውሃም መስኖ ይቀንሳል። ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ጥቂት ሲጎድል ዳርቻው ሩቅ ይሸሻል። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ደሴቶች እየፈለፈሉ ከአብጃታ ይመገቡ የነበሩ ፔሊካኖችም ምግባቸውን አጡ።

እንግዲህ የማዕድን አወጣጥ ጉዳት በጉድጓዱ ስፋት ብቻ አይለካም። ከማዕድኑ ጋር አብሮ ምን ይወሰዳል? የተወሰደውንስ ምን ይተካዋል? ብለን አስቀድመን እንጠይቅ።

ለውይይት፦ ቤታችን የተሠራበት አሸዋና ድንጋይ ከየት ወጣ? በወጣበት ቦታስ ምን ቀረ?