የማስነሻ ማስጠንቀቂያና መላመድ፦ የአዲስ ሞተር ሳይክል አሽከርካሪ ማየት የሚያቆመው ምንድን ነው?

መግቢያ

አዲስ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚያማርርባቸው ነገሮች አንዱ ገና ጉዞ ሳይጀምር የሚደረደርለት የማስጠንቀቂያ ብዛት ነው። ቁልፉ ሲዞር የዳሽቦርዱ መብራቶች በአንድነት ይበራሉ። ባለ ስክሪን በሆኑት ሞዴሎች ላይ ደግሞ በጉዞ ወቅት ስክሪኑን መመልከት አደገኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል፤ አሽከርካሪው የማረጋገጫውን ቁልፍ እስኪጫንም ድረስ ከቦታው አይነሳም። የጎን ማቆሚያው ሳይታጠፍ ማርሽ ከገባ ሞተሩ ይጠፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ምሬቱ ይበርዳል። ጽሑፉ ገና ሳይነበብ አውራ ጣት ቁልፉን ይጫናል፤ ዐይንም መብራቶቹን አልፎ ወደ መንገዱ ይሄዳል። አሽከርካሪው ስለ ጉዳዩ ቢጠየቅ «ለመድኩት» ይላል።

ይህ ጽሑፍ «ለመድኩት» በሚለው ቃል ውስጥ ምን እንደተገኘና ምን እንደጠፋ ይመረምራል። የሚያቀርበው መከራከሪያ መላመድ ሁሉንም ማስጠንቀቂያ በእኩል ደረጃ አይጎዳም የሚል ነው። ከሁሉ የበለጠ የሚጎዱት መልእክታቸው በመብራታቸው ሳይሆን በመጥፋታቸው የሚገለጽ ምልክቶች ናቸው።

የመላመድ ባሕርይ

በሥነ ልቦና ጥናት መላመድ ማለት አንድ ቀስቃሽ ነገር ያለ ውጤት ሲደጋገም ለእርሱ የሚሰጠው ምላሽ እየቀነሰ መሄዱ ነው። ሪቻርድ ቶምፕሰንና ዊልያም አልደን ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ክስተት ዋና ዋና መለያዎች ዘርዝረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ለዚህ ርእስ ቅርብ ናቸው። አንደኛ፣ ቀስቃሹ ደካማ በሆነ መጠን መላመዱ ይፈጥናል። ሁለተኛ፣ ቀስቃሹ ለተወሰነ ጊዜ ከተቋረጠ ምላሹ መልሶ ያገግማል። ሦስተኛ፣ ለአንድ ነገር የተፈጠረው መላመድ እርሱን ወደሚመስሉ ሌሎች ነገሮች ይዛመታል።

ቦኒ አንደርሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረቡት ጥናት የኮምፒዩተር የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ሲታይ በአንጎል ውስጥ የሚካሄደውን እንቅስቃሴ በምስል ለክተዋል። ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ለሁለተኛ ጊዜ ብቻ ሲቀርብ ምስልን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ሥራ በእጅጉ መቀነሱን አሳይተዋል። መልኩ እየተለዋወጠ የሚቀርበው ማስጠንቀቂያ ግን ትኩረትን ለረዘመ ጊዜ ይዞ ቆይቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ አሽከርካሪው ማስጠንቀቂያውን ማንበብ የሚያቆመው ቸልተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንጎል አዲስ ነገር የማይነግረውን ምልክት ወደ ጎን ማድረጉ የተፈጥሮ ሥራው ነው።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም

በማስነሻ ወቅት የሚቀርቡት ማስጠንቀቂያዎች በአሠራራቸው በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው መቆለፊያ ነው። የጎን ማቆሚያው ከስሩ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ አማካይነት ከሞተሩ የእሳት መስመር ጋር ይገናኛል፤ ማቆሚያው ሳይታጠፍ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይጠፋል። ይህ መሣሪያ የአሽከርካሪውን ትኩረት ስለማይጠይቅ በመላመድ አይዳከምም። ሺህ ጊዜ የተለማመደው ሰውም ማቆሚያውን ረስቶ መሄድ አይችልም።

ሁለተኛው አጠቃላይ ጽሑፍ ነው። የስክሪኑ ማሳሰቢያ ዛሬም ነገም ያው ነው፤ ስለ ሞተር ሳይክሉ ወቅታዊ ሁኔታ የሚናገረው የለም። ከአምራቹ የሕግ ተጠያቂነት አንጻር ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ለአሽከርካሪው ግን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የሚጨምርለት መረጃ የለም። ጽሑፉ አሽከርካሪው በማያነበው ቋንቋ ሲቀርብ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መልእክት ሳይሆን መወገድ ያለበት መሰናክል ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው የሁኔታ መብራት ነው። የዚህ መልእክት ከሞተር ሳይክሉ ሁኔታ ጋር ይለዋወጣል። የችግሩ እምብርት ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ሳይጠፋ የሚቀር መብራት

ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ፍሬን (ኤ.ቢ.ኤስ.) የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲ.ሲ. በላይ በሆኑ አዳዲስ የሞተር ሳይክል ሞዴሎች ላይ ከ2016፣ በሁሉም አዳዲስ ሽያጮች ላይ ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ያደረገው መሣሪያ ነው። ቁልፉ ሲዞር የመሣሪያው መቆጣጠሪያ የኤሌክትሪክ መስመሮቹን ይፈትሻል። የጎማ ፍጥነት የሚለኩት ሴንሰሮች በትክክል መሥራታቸው ግን ጎማው ሳይዞር ሊረጋገጥ አይችልም። በዚህ ምክንያት መብራቱ ቆሞ ባለ ሞተር ሳይክል ላይ በርቶ ይቆያል፤ የሚጠፋው ጉዞ ተጀምሮ እንደ ሞዴሉ በሰዓት ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ፍጥነት ሲደረስ ነው።

አዲስ አሽከርካሪ ይህን መብራት ሲያይ በመጀመሪያ ይደነግጣል፤ ብልሽት ይመስለዋል። ቀጥሎ «ሁልጊዜ ይበራል» የሚል ትምህርት ይወስዳል። ትምህርቱ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ሴንሰር ሲበላሽ የሚታየው ምልክት ያው የተለመደው መብራት ነውና። ልዩነቱ አለመጥፋቱ ብቻ ነው። አሽከርካሪው ሊያስተውለው የሚገባው አዲስ የመጣ ነገር ሳይሆን መቅረት ሲገባው ያልቀረ ነገር ነው፤ መላመድ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸፍነው ይህን ዓይነቱን ምልክት ነው። ያልጠፋውን መብራት ሳያይ የሚሄደው ሰው ተራው ፍሬን ይሠራለታል፤ በእርጥብ መንገድ በድንገት አጥብቆ ሲይዝ ግን የፊት ጎማው ሊቆለፍበትና ሊወድቅ ይችላል።

የዘይት ግፊት መብራትም ተመሳሳይ ባሕርይ አለው። ቁልፉ ሲዞር መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ቁልፉ ሲዞር ጭራሽ ካልበራም አምፖሉ ወይም መስመሩ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ዝምታው ራሱ መልእክት ነው።

አጠቃላይ ጽሑፉ ጉዳት የሚያደርሰው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ከላይ እንደተገለጸው መላመድ ወደሚመስሉ ነገሮች ይዛመታል። ትርጉም የሌለው ማሳሰቢያና ትርጉም ያለው መብራት በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ዳሽቦርድ ላይ ሲቀርቡ አሽከርካሪው ሁለቱንም በአንድነት ማለፍ ይለምዳል። «ጅብ መጣ» እያለ በሐሰት የሚጮኸው እረኛ ያጠፋው የራሱን ተአማኒነት ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን የአንዱ ከንቱ ጩኸት የሌላውን እውነተኛ ጩኸት ጭምር ያስንቃል።

የ1974ቱ ተሞክሮ

ከዚህ በመነሳት ሁሉንም ነገር በመቆለፊያ መተካት ይሻላል የሚል ሐሳብ ሊነሳ ይችላል። የአሜሪካ ታሪክ ግን ጥንቃቄ ያስተምራል። የ1974 እ.ኤ.አ. ሞዴል መኪኖች የፊት ተቀማጮች የደኅንነት ቀበቶ ካላሰሩ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ መቆለፊያ ነበራቸው። በወንበር ላይ የተቀመጠ የአስቤዛ ከረጢት ወይም ውሻ እንኳ መኪናውን ያስቆመው ነበር። ብዙ ባለቤቶች መስመሩን አስቆረጡት። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ መንግሥት መቆለፊያውን እንዳያስገድድ ከለከለ፤ የማስታወሻ ጩኸቱም ከ8 ሴኮንድ እንዳያልፍ ገደበ።

በሞተር ሳይክልም የጎን ማቆሚያው ማብሪያ ማጥፊያ በጭቃና በውኃ ሲበላሽ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ መሣሪያውን ከሥራ ውጭ ማድረግ የታወቀ አቋራጭ ነው። ውጤቱ ማቆሚያው እንደተዘረጋ የሚነሳ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍም ማቆሚያው መሬት ነክቶ ሊጥለው የሚችል ሞተር ሳይክል ነው። እንግዲህ መቆለፊያ የሚበጀው አደጋው ግልጽ፣ የሚጠየቀው ተግባር ቀላልና የሐሰት ማስቆሙ እጅግ ጥቂት በሆነበት ቦታ ነው።

ለንድፍና ለሥልጠና

ከላይ ከቀረበው ትንተና ሁለት ምክረ ሐሳቦች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው የንድፍ ነው። አጠቃላይ ማሳሰቢያ በየማስነሻው ከሚቀርብ ይልቅ ሞተር ሳይክሉ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲነሳ ወይም የስክሪኑ ቅንብር ሲለወጥ ብቻ ቢቀርብ የመነበብ ዕድሉ ይጨምራል። ሞተር ሳይክሉን ለአንድ ቀን ተውሶ የሚነዳ ሰው ማሳሰቢያው ሊያስፈልገው እንደሚችል አይካድም፤ ነገር ግን ባለቤቱን በየቀኑ እያሰለቹ የእንግዳውን ጥቅም መጠበቅ ዋጋው ከባድ ነው። የኤ.ቢ.ኤስ. መብራት ደግሞ መጥፋት ባለበት ፍጥነት ሳይጠፋ ሲቀር መልኩን ቢለውጥ፣ ለምሳሌ ብልጭ ድርግም ማለት ቢጀምር፣ ብልሽቱ ከተለመደው መብራት ይለያል።

ሁለተኛው የሥልጠና ነው። አሽከርካሪ የሚማረው የመብራቶቹን ስም ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ መቼ መጥፋት እንዳለበት ጭምር ሊሆን ይገባል። የጃፓን የባቡር ሠራተኞች እያንዳንዱን ምልክት በጣት እየጠቆሙና ሁኔታውን በድምፅ እየተናገሩ ያልፋሉ። በዚህ መንገድ ልማድ ራሱ የማስተዋያ መሣሪያ ይሆናል። ሞተር ሳይክል አሽከርካሪም ሞተሩ ሲነሳ «ዘይት ጠፍቷል»፣ ከተነሳ ከጥቂት ሜትሮች በኋላ «ፍሬን ጠፍቷል» ብሎ ማረጋገጥን ልማድ ሊያደርግ ይችላል።

ማጠቃለያ

መላመድን ማስቀረት አይቻልም፤ ምን እንደሚለመድ መምረጥ ግን ይቻላል። አዲሱን ሞተር ሳይክል የለመደ አሽከርካሪ ጽሑፉን ሳያነብ ቢያልፈው የሚያጣው ጥቂት ነው። ሳይጠፋ የቀረውን መብራት ካለፈው ግን የሚያጣው ፍሬን በሚያስፈልገው ሰዓት ይታወቃል። ስለዚህ የማስነሻ ማስጠንቀቂያ ጥራት ሊለካ የሚገባው በቀረበው የማሳሰቢያ ብዛት ሳይሆን ከወራት በኋላም አሽከርካሪው ለውጡን ማየት በመቻሉ ነው።