«አስቀያሚ ፊት ሥሉ» በተባልን ጊዜ

በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ከሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜያችን የተነሣ ነው። ኮሪደሩ ላይ የተለጠፉትን 38 ሥዕሎች ያያችሁ ሁሉ «እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። መምህራችን ለሁላችንም አንድ ርእስ ሰጡን፤ ርእሱም «አስቀያሚ ፊት» የሚል ነበር። መሣሪያችን ከሰልና አንድ ሉክ ወረቀት፣ ጊዜያችንም አንድ ሳምንት። ማብራሪያ ብንጠይቃቸው «እናንተ አስቀያሚ የምትሉትን እኔ ከየት አውቄው?» ብለው ወጡ።

ሥዕሎቹ የተለጠፉ ዕለት ቆመን ተመለከትን። ከግማሽ የሚበልጡት ከጎን የተሣሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ናቸው። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ወንበዴ በሽ ነው። ጥርሳቸው የረገፈ አሮጊቶችም አልጠፉም። ተመካክረን አልሣልነውም፤ እንዲያውም አንዱ ከአንዱ ሲደብቅ ነው የሰነበተው። ከመካከላችን በልጅነቱ እሳት ጉንጩን ያቃጠለው ጓደኛ አለን። እሱ ሥዕሎቹን ከዳር እስከ ዳር ካየ በኋላ «እንዴ! ለካ እኔን ነው ስትሥሉ የከረማችሁት?» አለ። ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን የሚናገር ጠፋ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ፊት ከየት አመጣ? ይህን ለማወቅ ጥቂት ወደኋላ ሄደን ለማጥናት ሞክረናል።

እንደሚታወቀው በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ጻድቁ፣ መልአኩ፣ ሰማዕቱ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ከሃዲውና ገዳዩ ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። በመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ከሐዋርያት ለይቶ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ ዓይን መቁጠር ይበቃል። ይኸው ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወጥቶ በ1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዓድዋን ጦርነት በሚያሳዩት ሥዕሎች ላይም ገብቷል። በነዚያ ሥዕሎች የኢትዮጵያ ሠራዊት ባንድ ወገን ሙሉ ፊቱን ሲያሳይ፣ በሌላው ወገን ያለው የኢጣሊያ ጦር ግን በጎን ተሰልፎ ይታያል። ደንቡ እንደ ብረት የጸና አልነበረም፤ ሠዓሊው እንዳስፈለገው ያላላበት ጊዜ አለ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ገብተን የማናውቅ የሙስሊም ልጆች ነን፤ ሆኖም የዓድዋን ሥዕል ያላየ የለም። እጃችን ለምን ወደ ጎን እንዳዘነበለ በከፊል የገባን እዚህ ላይ ነው።

በከፊል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚያን ሥዕሎች ልብ ብለን ስናያቸው አንድ ነገር አስገረመን። ከጎን የተሣለው ክፉ ሰው አፍንጫው ሰልካካ ሊሆን ይችላል፤ ልብሱም ያማረ ነው። ቀንድ ካለው ሰይጣን በቀር የጥንቱ ሠዓሊ ክፉውን ሰው መልከ ጥፉ ለማድረግ አልተጨነቀም። የነሣው ነገር ቢኖር ሁለተኛውን ዓይን ነው። ጠባሳውን፣ የረገፈውን ጥርስ፣ የተጣመመውን አገጭ የጨመርነው እኛ ነን። ይህ ከጭራቅ ተረትና ከሲኒማ የመጣ ይመስለናል።

እንዲያውም በተአምረ ማርያም ያለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ከኛ ሥዕል ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በላዔ ሰብእ 78 ሰዎች የበላ ሰው ነው። በመጨረሻ ሚዛኑን የደፋለት ለአንድ በቁስል ለተመታ፣ ውኃ ለጠማው ድኃ በማርያም ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። ልብ በሉ፤ ሰው የሚያስደነግጥ ገላ ያለው ድኃው ነው፤ ሰው የበላው ግን ሌላው ነው። እኛ ይህን ታሪክ ሥሉ ብንባል ቁስሉን ለማን እንሰጥ ነበር?

ይህ ስሕተት የኛ ብቻ አይደለም። ክዌንቲን ማሲስ የተባለ የፍላንደርስ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1513 ገደማ አንዲት አሮጊት ሥሎ ነበር። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤት ይታያል፤ ሰዉም «አስቀያሚዋ ዱቼስ» ይለዋል። የላይኛው ከንፈሯ የረዘመ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ የዞረ ሴት ናት፤ ለዘመናት ተስቆባታል። በኋላ ሐኪሞች ሥዕሉን መርምረው ፊቷ እንዲያ የሆነው ፓጄት በሚባል የአጥንት በሽታ ሊሆን ይችላል አሉ። ሲሣቅባት የኖረው ምናልባት በሕመሟ ነው ማለት ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ስናነብ የባቢሌ ልጅ የሆነችው ጓደኛችን የቢሲዲሞን ነገር አነሣች። ቢሲዲሞ ከሐረር ወደ ባቢሌ ሲሄዱ የሚገኝ፣ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረ ቦታ ነው። በሽታው በጊዜ ካልታከመ ቅንድብ ያራግፋል፣ አፍንጫ ያሰምጣል፤ ዛሬ ግን በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን ነው። መድኃኒቱ በሽታውን ያጠፋል እንጂ የሰመጠውን አፍንጫ አይመልስም። «ከዳነ በኋላም ፊቱን አይተው የሚሸሹት አለ፤ በሽታው ከሰውየው ወጥቶ እኛ ዘንድ ቀረ» አለች።

ከሠዓሊዎቻችን መካከል ይህን ነገር ገልብጦ ያየው የጎረቤታችን የሐረር ልጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይመስለናል። የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት በሥዕል ያስጌጡ ነበር፤ ስለዚህ የሁለቱን ዓይንና የአንዱን ዓይን ደንብ ከቤቱ ያውቀዋል። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» ስቅለቱን የሚያሳየው በለመድነው የረጋና ያማረ ፊት አይደለም፤ ደምና ስቃይ ነው። ሥዕሎቹ አይገቡንም ያሉ በዘመኑ ብዙ ነበሩ። እኛም በመጀመሪያ በስልክ ስናያቸው «ይህ ምኑ ሥዕል ነው?» ያልን አለን። ግን በእሱ ሥራ የተበላሸው ገላ የክፉው ሳይሆን የተበደለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካን አገር ዐረፈ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ፤ ይህን ሁሉ የጻፍነውም ለዚሁ ነው። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ከኛው አንዱ ሁለተኛ ክፍል ገብቶ ስለ ታማኝነት አስተማረ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንድ ሌባ ሣለ፤ ሌባ እንዲመስል ብሎ ከንፈሩን ሰንጥቆ ሣለው። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ትምህርቱ የገባቸው መስሎት ደስ አለው። በሁለተኛው ረድፍ ላይኛው ከንፈሯ ከተወለደች ጀምሮ የተሰነጠቀ ልጅ ነበረች። ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። በማግስቱ አልመጣችም፤ በሠልሱም አልመጣችም። ቤቷ ሄዶ እናቷን አነጋግሮ በአራተኛው ቀን መጣች እንጂ ነገሩ ያሳዝናል። ይህን እንድንጽፍ የፈቀደልን ራሱ ነው፤ ስሙን ግን አንጽፍም። ከመካከላችን ያንን ከንፈር ላለመሣሉ እርግጠኛ የሆነ የለምና።

በዚህ የተነሣ ለሚቀጥለው ልምምድ በምናዘጋጃቸው የትምህርት መርጃ ሥዕሎች ላይ ተነጋገርን። ሌባን ሌባ የሚያደርገው ፊቱ ሳይሆን እጁ ነው፤ ስለዚህ ሰው ኪስ የገባ እጅ እንሣል ተባለ። የንጽሕና ሥዕል ላይ ያልታጠበውና የታጠበው ያው አንዱ ልጅ ይሁን፤ ያልታጠበውን አፍንጫ መደፍጠጥ ምን አመጣው? በከተማችን አቅራቢያ በለገ ኦዳ ዋሻ ድንጋይ ላይ የተሣሉት ሰዎች ፊት የላቸውም፤ በጥቂት ጭረት ተሠርተው ሰውነታቸው በሚገባ ይታወቃል። ጠመኔ ይዞ ለሚቸኩል መምህር ይህ ቀላል ዘዴ ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንዲህ ከሆነ ጭራቅም አይሣል?» ብለው ተከራክረዋል። ጭራቅ ይሣል፤ ጭራቅ ተማሪ የለንም።

መምህራችን ርእሱን ሳይለውጡ ሁለተኛ ዙር እንድንሠራ ፈቀዱልን። የፊተኞቹን አላነሣናቸውም፤ አዲሶቹ እስከ ዓርብ ከጎናቸው ይለጠፋሉ። ጠባሳ ያለው ጓደኛችን ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ፊት ለፊት ተቀመጠልን። «አሁን በደንብ ሣሉኝ» አለ። መጀመሪያ እንደ ወንበዴዎቻችን ጠባሳውን በጥቁር መስመር ብንሠራው ፈጽሞ አልመሰለም። ቀርበን ስናየው የተቃጠለ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ከሌላው ጉንጭ ይልቅ ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ ጉንጩን በሙሉ በከሰል አጥቁረን ጠባሳውን በላጲስ ነው ያወጣነው።