የባሕር ዓሣ እንዴት ይለካል?

በጐተራ ያለውን እህል መጠን ለማወቅ የፈለገ ሰው ቁና ይዞ ይሰፍራል። የባሕር ዓሣ ግን ከላይ አይታይም፤ በአንድ ስፍራም አይቈይም። ታዲያ ባለሙያዎቹ «በዚህ ባሕር ይህን ያህል ዓሣ አለ» የሚሉት በምን ሰፍረው ነው? እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆንም ነገሩ የሰው እንጀራ ጉዳይ ነውና እንመልከተው።

ከየብሱ ዳር ጀምሮ በውኃ ሥር የሚዘረጋው፣ ጥልቀቱ ያነሰ የባሕር ወለል፣ በሞቃት አገሮች የብዙ ዓይነት ዓሣና ሽሪምፕ መኖሪያ ነው። መርማሪዎች ይህን ወለል እንደ ጥልቀቱ በካርታ ይከፋፍሉና መረብ የሚጐተትባቸውን ስፍራዎች በዕጣ ይመርጣሉ። ዓሣ አጥማጆች ወደሚወዱት ስፍራ ብቻ ቢሄዱ፣ የባለጸጋውን ቤት አይቶ የመንደሩን ሀብት እንደ መገመት ይሆንባቸዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አፉ 20 ሜትር የሚከፈት መረብ በአንድ ሰዓት 5,500 ሜትር ቢጐተት 110,000 ካሬ ሜትር ይጠርጋል። 33 ኪሎ ግራም ቢይዝ፣ ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 300 ኪሎ ይደርሳል። ከመረቡ ፊት ከነበረው ዓሣ እኩሌታው አምልጧል ብንል ግን ቍጥሩ 600 ይሆናል። ያመለጠውን በትክክል ማወቅ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ከአንድ ጊዜ ድምር ይልቅ የሚታመነው በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ሰዓት እየጐተቱ ዓመትን ከዓመት ማነጻጸር ነው። ሰዓቱም ዋጋ አለው፤ ብዙ የሽሪምፕ ዓይነቶች ቀን በጭቃ ተቀብረው ውለው ሌሊት ይወጣሉና።

ለዚህ የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ባለሙያዎች ርዳታ ወለል ጠራጊ መረብ መስፋፋት ሲጀምር፣ የምርመራው መርከብ በሰዓት 300 ኪሎ ግራም ገደማ ያወጣ ነበር። በ1980ዎቹ የዚህን ሩብ እንኳ አላገኘም። ይሁን እንጂ የመርማሪዎቹ ቍጥር ገና በ1960ዎቹ ሲወርድ፣ ወደ ወደብ የሚገባው ጠቅላላ ዓሣ ይጨምር ነበር፤ ጀልባው በዝቷልና። ታላላቁ ዓሣ ሲመናመን ጥቃቅኑ በረከተ፤ ከእርሱም ብዙው ለሰው ማዕድ መሆኑ ቀርቶ ለእንስሳት መኖ ዋለ።

እንግዲህ በወደብ የተከመረው ዓሣ የአጥማጁን ጕልበት ይነግረናል እንጂ የባሕሩን ሀብት አይነግረንም። ገበያውን ብቻ እያየ «ገና ብዙ አለ» የሚል መንግሥት፣ የነገውን ዘር ዛሬ ያስበላል። መጀመሪያ የሚራበውም ትንሽ ጀልባ ይዞ ከጠረፍ የማይርቀው አጥማጅ ነው።