የጉልበት ውስጠኛ ጎን ሕመም፦ ምክንያቱን መለየትና ማከም

ስለ ጉልበት ሕመም ስንማር በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንያዝ፤ እነርሱም ምልክትና በሽታ ናቸው። ምልክት ማለት ታማሚው የሚሰማው ወይም በአካሉ ላይ የሚታየው ነገር ነው፤ ሕመም፣ እብጠት፣ ትኩሳት ምልክቶች ናቸው። በሽታ ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ያመጣው በአካል ውስጥ ያለው ጉዳት ወይም ለውጥ ነው። «ጉልበቴን ያመኛል» ስንል ምልክቱን ተናገርን እንጂ በሽታውን ገና አልተናገርንም። ብዙ ጊዜ ግን ከምልክቱ ተነሥተን በቀጥታ ወደ ተለመደ ስም እንሻገራለን፤ «ብርድ ነው»፣ «ሪህ ነው»፣ «ፈሳሹ ደርቋል» እንላለን። ስም ከወጣለት በኋላ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ሕክምናውም ያንኑ ስም ተከትሎ ይሄዳል። በዚህ ትምህርት ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን።

ቀጥሎ «ውስጠኛ ጎን» የምንለውን እንወስን። እግሮቻችንን አጠጋግተን ብንቆም ሁለቱ ጉልበቶች የሚነካኩበት ጎን ውስጠኛ ጎን ይባላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ውስጠኛ ማለት ጥልቅ ማለት አይደለም። ለሐኪም «ከውስጥ ነው የሚያመኝ» ብሎ መመለስ ሁለቱን ያደባልቃልና ቦታውን በአንድ ጣት ማሳየት ይሻላል።

አሁን ወደ ጉልበት አሠራር እንለፍ። ከላይ የጭን አጥንት፣ ከታች የቅልጥም አጥንት፣ ከፊት ደግሞ ሎሚ የምንላት ክብ አጥንት አሉ። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳና ነጣ ያለ አካል ልም አጥንት ይባላል፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው እርሱ ነው። በጭኑና በቅልጥሙ አጥንት መካከል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ንጣፎች አሉ፤ ስማቸው ሜኒስከስ ነው። አንዱ በውስጠኛው፣ ሌላው በውጨኛው ጎን ሆነው የአካልን ክብደት ያከፋፍላሉ። ጅማትንም ለሁለት እንክፈለው። አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን አሳሪ ጅማት፣ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን የጡንቻ ጅማት እንበለው። በውስጠኛው ጎን ከጭን አጥንት ወደ ቅልጥም አጥንት የሚወርድ ሰፊ አሳሪ ጅማት አለ፤ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ይይዘዋል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ከጭን የሚወርዱ ሦስት የጡንቻ ጅማቶች በቅልጥሙ አጥንት ላይ አንድ ቦታ ይያያዛሉ፤ ከሥራቸውም ጥቂት ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች።

ያልነውን እንሰብስብ። በውስጠኛው ጎን ሊታመሙ የሚችሉት በዋናነት አራት ናቸው፤ ልም አጥንቱ፣ ሜኒስከሱ፣ አሳሪ ጅማቱ፣ እንዲሁም ሦስቱ የጡንቻ ጅማቶች ከነከረጢታቸው። እነዚህን ለመለየት ሁለት ጥያቄዎች በቂ መነሻ ይሆኑናል። ሕመሙ የት ላይ ነው? እንዴትስ ጀመረ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ በራሳችን ጣት እንመርምር። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። ከሎሚዋ በታች ያለውን ጠንካራ ጅማት ዳስሳችሁ ጣታችሁን ወደ ውስጠኛው ጎን ስታንሸራትቱ ሁለቱ አጥንቶች የሚገናኙበትን ጎድጎድ ያለ መስመር ታገኛላችሁ። የመገጣጠሚያ መስመር የምንለው ይህ ነው። ሲጫኑት መስመሩ ላይ የሚያም ከሆነ ሐሳባችን ወደ ሜኒስከሱ ወይም ወደ ልም አጥንቱ ይሄዳል። ሕመሙ መስመሩን አቋርጦ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘልቅ ከሆነ፣ በተለይም ከመስመሩ ከፍ ብሎ የጭኑ አጥንት ላይ ከሆነ፣ አሳሪ ጅማቱን እንጠረጥራለን። ከመስመሩ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ የቅልጥሙ አጥንት ላይ ከሆነ ግን ሦስቱ ጅማቶችና ከረጢታቸው ይታሰባሉ። ይህ ፍተሻ ጥርጣሬን ያቀናል እንጂ የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ድንገተኛውን ከቀስ በቀሱ ይለያል። ኳስ ሲጫወት ከውጭ በኩል ተመትቶ ጉልበቱ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ወጣት አሳሪ ጅማቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እግሩ መሬት እንደረገጠ ሰውነቱ የዞረበት ሰው ሜኒስከሱ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ በሜኒስከስ ጉዳት እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ በማግስቱ ይታያል። ጉልበቱ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ግን በመገጣጠሚያው ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መታየት ያስፈልጋል። ሩጫ ወይም የዳገት መንገድ በድንገት ያበዛ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያመው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ከመስመሩ ዝቅ ያለውን ቦታ ነው።

ቀስ በቀስ የሚመጣው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በዕድሜ ገፋ ባሉት ዘንድ እጅግ የተለመደው እርሱ ነውና። ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል፤ ልም አጥንቱ እየሳሳ፣ ከሥሩ ያለው አጥንትም እየተለወጠ የሚሄድበት የመገጣጠሚያ ሕመም ማለት ነው። ውስጠኛውን ጎን የሚመርጥበት ምክንያት አለው። ስንራመድ በጉልበታችን ላይ ከሚያርፈው ክብደት የሚበዛው በዚያ ጎን ያልፋል፤ እግሩ ወደ ውጭ የተለመጠ ሰው ላይማ ጫናው ይብሳል። ሕመሙ ሲሄዱ ይጨምራል፤ ሲያርፉ ይቀንሳል። ጠዋት ሲነሡ ጉልበቱ ይገትራል፤ ግን ግትርነቱ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ ይለቃል። የጠዋቱ ግትርነት ከዚህ በላይ የሚቆይና የእጅ ጣቶችን የሚጨምር ከሆነ የሌላ ዓይነት፣ ብግነት ያለበት የመገጣጠሚያ በሽታ ይታሰባል። ሪህም ሌላ ነው። ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጥቃቅን ጠጠር ሲከማች በድንገት የሚነሣ፣ ብዙ ጊዜም ከእግር አውራ ጣት የሚጀምር ሕመም ነው። «ፈሳሹ ደርቋል» የሚለው አባባልም እርማት ይሻል፤ የታመመ ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚያብጠው ፈሳሹ ስለበዛ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፎቶ እንናገር። ራጅ ወይም ኤምአርአይ ሳይነሣ ሕክምና የለም ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አለ። በእንግሊዝ የጤና መመሪያ መሠረት ዕድሜው 45 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሲንቀሳቀስ የሚያመውና የጠዋት ግትርነቱ ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ ሰው ሌላ የሚያጠራጥር ነገር እስከሌለበት ድረስ ያለ ፎቶ ኦስቲዮአርትራይተስ አለበት ሊባል ይችላል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በፍራሚንግሃም፣ ከ50 እስከ 90 ዓመት የሆኑ ሰዎች በኤምአርአይ ታይተው ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ከተገኙት ውስጥ 61 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ምንም የጉልበት ሕመም አልነበራቸውም። ስለዚህ በፎቶ የታየ መቀደድ ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ፎቶው የሚነበበው ከታማሚው ታሪክና ከእጅ ምርመራው ጋር ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ በጉልበት ውስጠኛ ጎን የሚሰማ ሕመም ከዳሌ መገጣጠሚያ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱን የሚያገለግል የጋራ ነርቭ አለና። ጉልበቱን እያመመው የሚያነክስ ልጅ ጉልበቱ ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዳሌው ሳይታይ ወደ ቤት መመለስ የለበትም።

ወደ ሕክምናው ከመግባታችን በፊት ቤት የማይያዙትን እንለይ። ጉልበቱ አብጦ፣ በእጅ ሲነካ ሞቆና ትኩሳት ተጨምሮበት ከሆነ መገጣጠሚያው በጀርም ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ልም አጥንት በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ከአደጋ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ ሰው ራጅ ይነሣ። ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለ ሰውም ይታይ። ለሳምንታት የቆየ እብጠት ከክብደት መቀነስና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣ የመገጣጠሚያ ቲቢ መመርመር አለበት። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የማያቋርጥ ሕመም ያለበት ታዳጊም አይቆይ።

ከእነዚህ ውጭ ላለው ሕመም መሠረቱ ማሳረፍንና ማስተኛትን መለየት ነው። ማሳረፍ ማለት የሚያባብሰውን እንቅስቃሴ ለጊዜው መቀነስ ነው፤ ማስተኛት ማለት እግሩን ጨርሶ ከሥራ ማውጣት ነው። የመጀመሪያው ይጠቅማል፤ ሁለተኛው ይጎዳል። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ስንራመድ እንደ ስፖንጅ እየተጨመቀና እየተለቀቀ ፈሳሹን ይለዋወጣል። ባልተንቀሳቀስን መጠን የታፋ ጡንቻችን ይከሳል፤ ጡንቻው የተሸከመው ክብደትም ወደ መገጣጠሚያው ይዞራል።

ድንገተኛ ጉዳት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ ያህል ማድረግና እግሩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ሕመሙን ያስታግሣል። በእነዚህ ቀናት ማሸት እብጠቱን ሊጨምር ይችላል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ወጌሻ ነውና በጥንቃቄ እንየው። አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን ሊያቋርጥ ይችላል። የእግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩ ወዲያው ይፈታ፤ እግር እስከ ማጣት የሚያደርስ ጉዳት ነውና ነገ እስኪነጋ አይጠበቅም። የአሳሪ ጅማቱ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይድናል።

ለረጅም ጊዜ ለቆየው ሕመም ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው። በአንድ ቀላል ልምምድ እንጀምር። እግራችሁን ዘርግታችሁ ከጉልበታችሁ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጉ፤ የታፋውን ጡንቻ አጥብቃችሁ ፎጣውን ወደ ታች ተጫኑ፤ 5 ሰከንድ ይዛችሁ ልቀቁ። ይህን 10 ጊዜ ድገሙት። ይህ ሲቀልላችሁ በጀርባችሁ ተኝታችሁ የተዘረጋውን እግር ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ያህል አንሡ። ቀጥሎ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥ ይመጣል። በልምምዱ ጊዜ ትንሽ ሕመም መሰማቱ ጉዳት መኖሩን አያመለክትም። መለኪያው ማግስቱ ነው፤ በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነበር፤ ከባሰ ቀንሱት። ለውጡ የሚታየው በሳምንታት ስለሆነ በአምስተኛው ቀን ተስፋ አትቁረጡ።

የሰውነት ክብደትም ትልቅ ድርሻ አለው። ከመጠን በላይ ክብደት ያለው ሰው 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል እንደሚቀልል በጥናት ታውቋል። በትር የሚይዝ ሰው ደግሞ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዝ፤ ቀኝ ጉልበት ካመመ በግራ እጅ ማለት ነው። ብዙዎች በታመመው በኩል ይይዙታልና ጥቅሙ ይቀርባቸዋል። በርጩማ ላይ ለረጅም ሰዓት መቀመጥና ቁጢጥ ማለት ጉልበትን በጣም አጥፎ ስለሚጫነው ከፍ ያለ ወንበር ይመረጣል። በሰሙነ ሕማማት ስግደት የሚያበዙ ምእመናን ሁኔታቸውን ለንስሐ አባታቸው ቢያስረዱ፣ በሶላት መስገድ የሚከብዳቸውም በወንበር ቢሰግዱ ይሻላል፤ ለታመመ ሰው ሁለቱም ሃይማኖቶች ቦታ ሰጥተዋል።

መድኃኒትን በአጭሩ እንመልከት። በቆዳ ላይ የሚቀባ የዲክሎፌናክ ቅባት ለጉልበት ተስማሚ መነሻ ነው። የሚዋጡት፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት፣ ሕመም ያስታግሣሉ፤ ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዷቸው። በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ እፎይታው የሳምንታት ነው። ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ በፊንላንድ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። በዕድሜ ምክንያት ሜኒስከሳቸው የተቀደደ 146 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ የተቀደደው ተቆርጦ ሲወጣላቸው፣ ግማሾቹ ጉልበታቸው በመሣሪያ ከውስጥ ከታየ በኋላ ምንም ሳይቆረጥ የቀዶ ሕክምና ማስመሰል ብቻ ተደረገላቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በአደጋ የተቀደደ የወጣት ሜኒስከስ ግን ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ሊሰፋ የሚችልበት ጊዜ አለ። ልም አጥንቱ ጨርሶ ላለቀበት፣ ልምምዱም መድኃኒቱም ላልረዳው ሰው ጉልበትን በሰው ሠራሽ መተካት ይቻላል።

ሁለት ወር ያህል በትክክል ተለማምዳችሁ ለውጥ ካላያችሁ ወደ አጥንት ሐኪም ወይም ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሂዱ። ስትሄዱም የሚያመውን ቦታ በአንድ ጣት አሳዩ፤ ሕመሙ መቼና ምን ስትሠሩ እንደጀመረ፣ እብጠቱ በስንት ሰዓት እንደታየ፣ ጉልበቱ ተቆልፎ ወይም ከድቷችሁ የሚያውቅ እንደሆነ፣ ጠዋት ለስንት ደቂቃ እንደሚገትር፣ እስካሁንም ምን መድኃኒት እንደወሰዳችሁ ንገሩ።