ምዕራፍ ስድስት፦ የደበደበሽ ሰው ሲናፍቅሽ

ከቤት በወጡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ሴቶች ለእናታቸው እንኳ የማይናገሩት ነገር ይገጥማቸዋል፤ ሰውየው ይናፍቃቸዋል። የደበደባቸው፣ በሰው ፊት ያዋረዳቸው፣ ደመወዛቸውን የነጠቃቸው ያው ሰው። በዚህ ያፍራሉ። አንዳንዷም «ይህን ያህል ከናፈቀኝ ጥፋቱ የኔ ነበር ማለት ነው» ብላ ሻንጣዋን መልሳ ታነሣለች።

ካናዳውያኑ ዶናልድ ደተን እና ሱዛን ፔይንተር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከበዳይ አጋራቸው በቅርቡ የተለዩ 75 ሴቶችን ጠይቀው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ሲጠይቋቸው፣ ሴቶቹ ለሰውየው የነበራቸው ትስስር የቀነሰው በ27 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትስስሩም ይበልጥ የጠነከረው ግፍና ደግነት በተፈራረቁበት ቤት ነበር።

ሁልጊዜ ክፉ የሆነን ሰው መተው ይቀላል። ማታ መትቶ ጠዋት ተንበርክኮ የሚያለቅሰው ነው አስቸጋሪው። ደግነቱ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ቀልብ ሁሉ እሱን ሲጠብቅ ይውላል፤ ሲመጣ ደግሞ እፎይታው ከፍቅር አይለይም። አሁን የሚናፍቅሽ ምናልባት ያ እፎይታ ነው። ሰውነትም ቶሎ አይረሳም። ለዓመታት የባሏን አረማመድ ሰምታ የዕለቱን ስሜቱን ስትገምት የኖረች ሴት፣ እህቷ ቤት ተኝታም በር ሲንኳኳ ብትደነግጥ አይግረማት።

ሽማግሌ የሚላከው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። ሽምግልናን አልንቅም፤ ስንት የድንበርና የውርስ ጠብ አብርዷል። እዚህ ላይ ግን እፈራዋለሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ጉልበት ይስማል፣ «ልጆችሽን አስቢ» ይባላል። ያው የጠዋቱ ልቅሶ ነው፤ አሁን ምስክር ተጨምሮበታል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ በኃይል ጉዳት ማድረስን በወንጀል ያስጠይቃል፤ የአካሉን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጤንነት ጉዳትንም ይጨምራል። እርቁን የሚያጣድፉት ሽማግሌዎች ይህን አንቀጽ ሲያነሡ አልሰማሁም።

ናፍቆቱ በበረታበት ቀን ምንም አትወስኚ። የመጨረሻው ድብደባ እንዴት እንደተጀመረና ልጆቹ የት እንደነበሩ ቀኑን ጠቅሰሽ ጻፊ፤ ወረቀቱን እሱ የማያገኘው ቦታ ወይም የምታምኛት ሰው ዘንድ አስቀምጪ። እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ባሉ መጠለያዎች የምክር አገልግሎት አለ፤ ይህንኑ ናፍቆት ከሚያውቁ ሴቶች ጋርም ትገናኛለሽ። እንቅልፍ ከራቀሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ጊዜ ሳትሰጪ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ሌሊት ደውለሽለት ከሆነም ተመልሰሻል ማለት አይደለም። ያለሽበትን ሰፈር ነግረሽው ከሆነ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ለምታማክርሽ ሴት ንገሪያት፤ ማደሪያ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።