ከደጃችን አፈር የሚገኝ ቀለም
ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆኑ ቀላል የሥዕልና የእጅ ሥራዎች

በአንድ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍልን የሥዕል ትምህርት ተገኝተን ስንከታተል መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ቤት ሣሉ፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ፣ መስኮቱ ሁለት ነበረ። ሕፃናቱም ያንኑ ገለበጡ። ደብተሮቹን ስንመለከት የራሱን ቤት የሣለ አንድም ልጅ አላገኘንም። መምህሩን ስንጠይቃቸው «ቀለምና ወረቀት በሌለበት ሌላ ምን ይደረጋል?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነውና በዚህ ጽሑፍ መልስ የሚሆኑ ሦስት ሥራዎችን እናቀርባለን።

1. ቀለም ማዘጋጀት

በነቀምቴና በጊምቢ አካባቢ ቀይ አፈር ሞልቷል። ይህን አፈር አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በወንፊት መንፋት ይበቃል። ማጣበቂያው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ፣ እስኪወፍር ድረስ እየተማሰለ የሚበስል ነው። ምድጃው የመምህሩ ሥራ እንጂ የልጆች አይደለም። አፈሩ ከማጣበቂያው ጋር ሲለወስ ቀይ ቀለም ይሆናል። የተወቀጠ ከሰል ጥቁሩን፣ የቡና አተላ ቡናማውን፣ እርድ ቢጫውን ይሰጣል፤ እርድ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይደበዝዛል። ጫፉ ታኝኮ የላላ መፋቂያ ብሩሽ፣ የካርቶን ውስጠኛ ገጽ ወይም ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ወረቀት ይሆናል።

ልጆች ቅጠል ሲለቅሙ መምህሩ አብሮ ይሁን። በየአጥሩ የሚገኘው የቅንጭብ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል።

2. የሸክላ ቅርጽ

ጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ የሚገባው ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ነው። ለሸክላ ጭቃም በደቃቁ የተከተፈ ጭድ ጥቂት ይጨመርበት። ልጆች ላም፣ ጀበና ወይም የሚያውቁትን ሰው ይሥሩ። ሥራው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ በፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ያልተተኮሰ ሸክላ ውኃ ሲነካው እንደሚፈርስም አስቀድሞ ይነገራቸው።

3. የበቆሎ ሽፋን አሻንጉሊት

ደረቁን የበቆሎ ሽፋን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማለስለስ፣ ከዚያም አጥፎ አንገቱንና ወገቡን በክር ማሰር ነው። ቆረቆንዳው ደግሞ ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ሲንከባለል ማኅተም ይሆናል።

ለመምህራን

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጓል። ስለዚህ ኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ በእጁ የያዘውን ቀለም ዲማ፣ ጉራቻ፣ አዲ እያለ ይጥራ። በነቀምቴ ያሉ ክፍሎች የወለጋን ሙዚየም ቢጎበኙ ደግሞ የአባቶችና የእናቶች እጅ ከእንጨት፣ ከቅልና ከስንደዶ ምን እንደ ሠራ ያያሉ።

በሰሌዳ ላይ ሥዕል አንሣልላቸው፤ የልጁንም ሥራ በእኛ እጅ አናርም። «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» ማለት ይሻላል።

ይህ ምክር ዛሬ በወለጋ የተለየ ክብደት አለው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። «ቤትህን ሣል» የተባለ ልጅ የተቃጠለ ቤት ቢሥል አንቆጣው፤ በክፍሉ ፊትም አንመርምረው። አጠገቡ ተቀምጠን፣ ሊናገር ከወደደ እንስማው፤ ዝም ካለም ዝምታውን እናክብርለት። ጭንቀቱ ከበረታ ወላጆቹን ማማከር ይገባል። የተገለበጠው ባለ ሁለት መስኮት ቤት ይህን ሁሉ ሊነግረን አይችልም ነበር።

ለመወያያ
ሀ) በትምህርት ቤታችን አካባቢ ለቀለም የሚሆን ምን ይገኛል?
ለ) ልጆቻችን የሚሥሉት የማንን ቤት ነው?